ሐኪሞቹ ወደ ሶርባ እስኪመጡ

ዲር ፓርክ፣ ሜልበርን
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ወንድይፍራው፣
እናት ሆነው ላሳደጉኝ ለእትዬ ታየችም፣

የጌታ ሰላም ደጃችሁን አይለፍ። እኔም፣ ባለቤቴ ኡርጌሳም፣ ልጃችን ቶላኒም በጤና አለን። ስለ ናፍቆት ብጀምር ወረቀቱ ያልቅብኛልና በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ደስ የሚል ወሬ ይዤ መግቢያ ማሳመር አልችልበትም።

ቤተ ክርስቲያናችን የጥርስ ሐኪሞች ቡድን ወደ አገር ቤት ሊልክ ወስኗል። የሚመጣውም ወደ እናንተው ወደ ሶርባ ነው። ኮሚቴው የጥርስ ሐኪም ረግጦት የማያውቅ ገጠር ሲያፈላልግ እጄን አወጣሁና ስለ ሰፈራችን ተናገርኩ። በሕዝብ ፊት መናገር እንደምፈራ ያውቃሉ፤ የዚያን ቀን ግን አፌን የከፈተልኝ ራሱ እግዚአብሔር ነው። እዚሁ ሜልበርን፣ ያራቪል በሚባል ሰፈር የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ባለቤት ዶክተር ሌሊሳ ቡድኑን ይመራል። ሁለት ፈረንጅ ሐኪሞችም የዓመት እረፍታቸውን ለዚህ ሰጥተዋል። እኔ እንደ ሥራዬ ረዳት፣ እንደ አገሬ ደግሞ አስተርጓሚ ሆኜ አብሬ እመጣለሁ። ጊዜው ጥር አጋማሽ ነው፤ አራት ቀን እንቆያለን። ማንም ሰው ሳንቲም አይከፍልም።

እትዬን ስለሚያማቸው የታችኛው የግራ መንጋጋ ጽፈውልኝ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ብቻ የሚጠዘጥዝ ከሆነ ገና የሚድን ጥርስ ነው። እባክዎ ወደ ከተማ ወስደው እንዳያስነቅሉት። እዚያ የሚያውቁት መንቀል ብቻ ነው። እኛ ጉድጓዱን ጠርገን እንሞላዋለን፤ ከዚያ በኋላ በቆሎ እሸት ይግጡበታል። እትዬ፣ ይህን ሲያነቡልዎ ልብ ብለው ይስሙኝ፤ እኔ እስክመጣ ማንንም እንዳያስነኩት።

ጆሮዎ እንቢ ካለ ወዲህ እርስዎን በስልክ ማናገር ቀርቷል፤ የሶርባም ኔትወርክ ከጠፋ ዓመት አለፈው። እንደተለመደው ይህን ፎቶ አንስቼ ከተማ ላለው ለጌታቸው ፎቶ ኮፒ ቤት እልካለሁ፤ ሐሙስ ለገበያ ሲወርዱ አትሞ ይሰጥዎታል። ትክክለኛውን ቀን እንዳወቅሁ እጽፋለሁ።

ልጅዎ መታሰቢያ


ሶርባ
ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመታሰቢያ፣

ጸጋው ከነቤተሰብሽ ይከተልሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተደሰትኩ፣ በሁለተኛው ለታየች ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ በሦስተኛው በቀይ እስክሪብቶ አረምኩት። ከአሥር ሰባት አግኝተሻል። "ፈረንጅ" ጻፊ ሲሉሽ አትሳሳቺም፤ "እምቢ"ን ግን "እንቢ" ብለሽ ጽፈሻል። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ የራሴን ልጅ አላስተማርኩም።

እሑድ ከስብከት በኋላ ቆሜ ተናገርኩ። መድረክ ላይ ቆሜ እንዲህ የተሰማሁበትን ቀን አላስታውስም። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ የታመመውን ጥርሱን እያሳየኝ ስሜን ጻፍ ይለኛል፤ አንድ ሽማግሌ አንድም ጥርስ የላቸውም፣ እሳቸውም ተመዝገቡ። እስካሁን ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት ስም በደብተሬ ሰፍሯል። ሦስት ሴቶች በማግስቱ ወደ ከተማ ወርደው ሊያስነቅሉ ስንቅ ቋጥረው ነበር። በሆስፒታሉ ገብረጻድቃን የሚባል ጥርስ ነቃይ አለ፣ ጨዋ ልጅ ነው ይላሉ። እኔ ግን ከአውስትራሊያ ድረስ ሐኪም እየመጣላችሁ ምን አስቸኮላችሁ ብዬ ከመንገድ መለስኳቸው።

ታየችን አንደኛ አድርጌ ልጽፋት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሚስት ሕዝቡን ቀድማ ተሻማች ሊሉኝ ነው ወይ ብላ ደብተሩን ቀማችኝ። ስለዚህ ሁለት መቶ ዐሥራ አራተኛ ናት፣ ከሁሉም ኋላ። ልጄ አታስነኪው ካለችኝ ንጉሥም ቢመጣ አፌን አልከፍትም ብላለች። ትስምሻለች።

ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ ጻፊልኝ። ሕዝቡ የሚጠይቀው እኔን ነው።

አጎትሽ ወንድይፍራው


ዲር ፓርክ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

እግዚአብሔር ያበርታችሁ። የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው፤ ኡርጌሳ መጋዘኑ ውስጥ ሺፍት ስለቀየሩበት ቶላኒን የማመላልሰው እኔ ነኝ። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ እየመለሰችልኝ ቤቱ ሁለት አገር ሆኗል።

ጉዞው ትንሽ ተራዘመ። ለማደንዘዣውና ለዕቃው የሚያስፈልገው ፈቃድ አልደረሰም። ወደ የካቲት ገደማ ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ሕዝቡን ይቅርታ ጠይቁልኝ። እዚህ ግን ዝግጅቱ አልተቋረጠም፤ የቡድኑ ቲሸርት እንኳ ታትሞ መጥቷል።

እትዬ እንዴት ናቸው? ጣፋጭ ነገር እንዳይበሉ፣ ማታ ማታ በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ። ቡድኑ ሲመጣ የመጀመሪያው የሚሞላ ጥርስ የእሳቸው እንዲሆን ለዶክተር ሌሊሳ ነግሬዋለሁ፤ ተራ ቁጥራቸውን እኔ ነኝ የማስተካክለው።

ልጅዎ መታሰቢያ


ሶርባ
ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመታሰቢያ፣

ሰላምና ምሕረት ይብዛልሽ። እኛ ደህና ነን። መራዘሙን ለሕዝቡ ነገርኩ። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ የቀረው አሜን አለ። አሜን ያለው የበለጠ ያሳስበኛል። አበባ የምትባለዋ ጎረቤታችን ልጇን ወደ ከተማ ልውሰድ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ የካቲት ሩቅ አይደለም አልኳት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በኋላ በር መውጣት ጀምሬያለሁ፤ ይህ የጥርስ ነገር ሽምግልናዬን ሊነቅልብኝ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ብታገኚ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ። ለምዕመናኑ ነው። ጠንከር ያለ ቢሆን ይመረጣል።

ታየችም ደህና ናት። በአንድ ጎኗ ነው የምታኝከው፣ ቅርንፉድ ትይዝበታለች። ጉንጯን በነጠላ ጠቅልላ ስትውል ብርዱ ነው ትላለች፤ ዘንድሮ ብርዱ ግን ያን ያህል አይደለም። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ምን እየጻፍክ ነው ብላ ዓይኗን ደብተሬ ላይ ተክላለች። ምንም አልሆንኩም ብለህ ጻፍላት አለችኝ። ጻፍኩ። ትስምሻለች።

አጎትሽ ወንድይፍራው


ዲር ፓርክ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጌታ ከቤታችሁ አይራቅ። ኪኒኑን ለዕረፍት በሄደ ወንድም ልኬያለሁ፤ ጌታቸው ጋ ያስቀምጥላችኋል። ምግብ በልተው፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ። ለሕዝቡ ሲያከፋፍሉ ለእትዬ ለታየች የሚበቃ ያስቀሩ፤ አሁንስ ያማቸዋል?

ስለ ጉዞው ገና ነው። የካቲት እንደማይሆን መናገር አለብኝ። ቀን ልጻፍ ብዬ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ቀኑ ከእጄ ያመልጣል። እንጸልይ ማለት ካልሆነ በስተቀር ሌላ የምለው የለኝም።

ትናንት ክሊኒኩ አንድ ሰው መጣ። የመርከብ ዕቃ የሚያመላልስ ሹፌር ነው፣ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ገባ። የታችኛው የግራ መንጋጋ። እኔ ምራቁን በቱቦ እየሳብኩ ዶክተሩ ሞላለት። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ፤ ሰውየው ስለ እግር ኳስ እያወራ ወጣ። ከሄደ በኋላ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም። ለእርስዎ ግን ነገርኩዎት።

ልጅዎ መታሰቢያ


ሶርባ
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመታሰቢያ፣

እግዚአብሔር ልብሽን ይጠብቅ። መልሱ ዘገየ። ለገበያ ሳልወርድ አራት ሐሙስ አለፈኝ፤ ኪኒኑንም ደብዳቤውንም የተቀበልኩት ዘግይቼ ነው። ኪኒኑ ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላ አትላኪ፤ ብዙ ነው።

ስለ ጉዞውም አትጨነቂ። ሐኪሞቹ የራሳቸው ሥራ አላቸው። ቢቀርም ይቀራል፣ ማንም አይወቅስሽም። ዕንቅልፍሽን ተኚ፣ ልጅሽን አሳድጊ።

ታየችን በስም ስለጠየቅሽኝ፣ እርሷን አሁን አያማትም።

ብዙ የምጽፈው የለኝም። እጄ ደክሟል።

አጎትሽ ወንድይፍራው


ዲር ፓርክ
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼና ለውድ እትዬ፣

ጌታ ይመስገን፣ አሁንስ ቀን ይዤ መጣሁ። ፈቃዱ ደረሰ፣ ትኬት ቡክ አደረግን። ሰኔ 14 ሶርባ እንገባለን፣ እስከ ሰኔ 17 እንቆያለን። ዘጠኝ ሰው ነን። እትዬን እንደማያማቸው ስለጻፉልኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርዎ አልችልም። ኪኒኑ ሠርቶላቸዋል ማለት ነው። ቢሆንም ሕመሙ ቢተዋቸውም ጉድጓዱ አይተዋቸውምና እሞላላቸዋለሁ።

አሁን ነገሩ ስለተሳካ አንድ የከበደኝን ነገር ላውርድ። ታኅሣሥ ላይ ተራዘመ ብዬ ስጽፍልዎ አልተራዘመም ነበር፤ ተሰርዞ ነበር። ፈቃዱ ስላስቸገረ ኮሚቴው ድምፅ ሰጥቶ ሐኪሞቹን ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ወዳለች አንዲት ደሴት ላካቸው። እዚያ ፈቃድ በሳምንት ይገኛል። በስብሰባው ላይ ተቀምጬ ነበር። ያን ዕለት ማታ ልጽፍልዎ ጀመርኩ፣ ግን ሕዝቡን ከመንገድ መልሰው፣ ስም መዝግበው፣ መድረክ ላይ ቆመው... እንዴት አዋርድዎታለሁ? ምናልባት ሐሳባቸውን አስቀይሬ ሳትሰሙ ነገሩን አስተካክል ይሆናል አልኩ። ይኸው አራት ወር ለምኜ፣ አልቅሼ፣ አስቀየርኳቸው። ከደሴቷ ሲመለሱ ፎቶው ለብዙ ሰው ደርሶ ረጂ ተገኘ። ስለዚህ ውሸቴ ለበጎ ሆነ። ይቅር ይበሉኝ፤ ስንገናኝ እግርዎን እስማለሁ።

እትዬ፣ ዌሪቢ ወደሚባል የአትክልት እርሻ ሰፈር ሄጄ ከእርሻው የገዛሁትን የጎመን ዘር ይዤልዎት እመጣለሁ። ልብሴን ከአሁኑ ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ።

ልጅዎ መታሰቢያ


ሶርባ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ መታሰቢያ፣

ይህን ስታነቢ ኡርጌሳና የቤተ ክርስቲያናችሁ ሽማግሌዎች ማልደው ገብተው ነግረውሻል። ቀድሜ ለእርሱ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ሰው አገር ሆና መርዶዋን ከወረቀት ላይ አታነብም ብዬ ሁለት ወር ዋሸሁሽ። እውነቱን ለመናገር ውሸቱ ለእኔም ይመቸኝ ነበር። አንቺ ዘንድ ታየች አልሞተችም ነበር፤ ለአንቺ ስጽፍ እኔም ለትንሽ ጊዜ ሚስት ያለኝ ሰው እሆን ነበር።

ታየች ያረፈችው መጋቢት 3 ቀን ነው።

የካቲት ሲጋመስ ጉንጯ አበጠ። እንውረድ አልኳት። "ሕዝቡን ጠብቁ ብለህ ያስቀመጥክ አንተ፣ ሚስትህን ይዘህ ስትወርድ ምን ትባላለህ? ደግሞ መታሰቢያ አታስነኪው ብላኛለች" አለችኝ። እኔም አልገፋኋትም። እምቢ በማለቷ በልቤ ደስ አለኝ፣ ልጄ። አበባ ልጇን ይዛ ስትቀር፣ የእኔ ሚስት ስትሄድ መታየቱን ፈርቼ ነበር። ለማንም ያልተናገርኩትን ነው የምነግርሽ።

ከዚያ እብጠቱ ወደ አገጯ ሥር፣ ከአገጯ ወደ አንገቷ ወረደ። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣት ጀመር። ምራቋን መዋጥ ባቃታት ቀን በቃሬዛ ተሸክመን ወረድን። መንገዱ ሦስት ሰዓት ነው። እጄን ይዛ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ለቀቀችው። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ትንፋሿ ተዘግቶ ነበር። ያ ገብረጻድቃን የሚባለው ልጅ አፏን በባትሪ አየ። "ጥር ላይ ብታመጧት አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር" አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም። ስለጠየቅሁት ነው የነገረኝ።

የሚያዝያውን ደብዳቤሽን ጌታቸው ሱቅ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ተሰርዞ ነበር የሚለው ጋ ስደርስ ወንበር ሰጡኝ። ታኅሣሥ ላይ እውነቱን ጽፈሽልኝ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡን በነጋታው በትኜ ታየችን ይዣት እወርድ ነበር። ውርደቱን እችለው ነበር። ይህን ልተወው ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ፤ ካልጻፍኩት ግን እስክሞት በልቤ ስወቅስሽ ልኖር ነው። ጻፍኩት። አንቺ ለእኔ ክብር ብለሽ ዋሸሽኝ፣ እርሷ ለእኔ ክብር ብላ ተቀመጠች። ክብሬ ይኸው አለ፤ አሁንም እሑድ እሑድ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡኛል።

ከቀብሩ በኋላ ሕዝቡ እኔን ሳይጠይቅ መውረድ ጀመረ። በቀደም አበባ ልጇን አስነቅላ መጣች። ከደብተሬ እስካሁን ስድሳ አንድ ስም ሰርዣለሁ። የቀሩትም እያመነቱ ነው፣ ይሄዳሉ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ አትምጡ። የሐኪሞቹን ልብ ጌታ ይባርከው፣ ክፋት የለባቸውም። ግን እናንተ አራት ቀን ተቀምጣችሁ ትሄዳላችሁ፣ እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንጠብቃችኋለን። ሰው ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።

ስለ አንቺ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ቢኖር እጽፍልሽ ነበር። መናገር አትችልም ነበር።

አጎትሽ ወንድይፍራው


ዲር ፓርክ
ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ወንድይፍራው፣

መጽናናትን የሚሰጥ አምላክ ቢሰማኝ ለእርስዎ እለምነው ነበር። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ጸሎት አይወጣኝም።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰባት ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሳይ ገባኝ። "ማን?" ብቻ ነው ያልኩት። ቶላኒ በፒጃማዋ ወጥታ እንግዶቹ ለምን እንዲህ ማልደው እንደመጡ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሁሉም ከሄዱ በኋላ ነው። የጻፉት ሁሉ እውነት ነው። አንድ ቃል አላስተባብልም። ሥራዬ ጥርስ ነው፣ ጋሼ። የመንጋጋ እብጠት ወዴት እንደሚወርድ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ለምዕመናኑ ነው ብለው ጠንከር ያለ ኪኒን ሲጠይቁኝ ለእትዬ መሆኑን ጠርጥሬ ነበር። ብጠይቅዎ እርስዎም እውነቱን ይጠይቁኛል ብዬ ዝም አልኩ።

እሑድ ኮሚቴው ፊት ቆሜ አትምጡ ማለትዎን ተናገርኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የራሴን ጭምር። አለቀሱ፣ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ከዚያ ዶክተር ሌሊሳ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ አለኝ። ትኬቱ አይመለስም፤ ዕቃው በመርከብ ሄዷል፤ ረጂዎቹ ፎቶ ይጠብቃሉ። ጉዞውን በእትዬ ስም ሊሰይሙት ተስማሙ። በቲሸርቱ ላይ ስማቸውን ያሳትማሉ። ደግነት ነው ብለው ነው፤ እኔም አልከለከልኳቸውም።

ቢያንስ መቶ ሃምሳ ሰው ካልታከመ በሚቀጥለው ዓመት የሚረዳን አይኖርም ተብሏል። ስድሳ አንዱ መሄዱን ስነግራቸው ደነገጡ። ለእርስዎ እንድጽፍም ያዘዙኝ ለዚህ ነው። እምቢ ልል ነበር። እምቢ ካልኩ ግን በሌላ ሰው ያስጽፋሉ፣ ያ ሰው ደግሞ እርስዎን አያውቅም። ቢያንስ ከእኔ ይስሙት አልኩ። ይህም እንደ ታኅሣሡ የራሴን ፍርሃት በክብር መሸፈን ይሆናል፤ አሁን መለየት አልችልም።

ስለዚህ ጋሼ፣ ሰኔ 14 እንመጣለን። እሑድ ከስብከት በኋላ ይቁሙና ለቀሩት ሰዎች ይንገሩልኝ፤ ወደ ከተማ እንዳይወርዱ፣ ሐኪሞቹ እስኪመጡ እንዲጠብቁ።

ልጅዎ መታሰቢያ